ጤና በሆንን ቀን የሚፈረም ቅጽ፦ በፈቃድ ራስን ከጦር መሣሪያ ግዢ ስለማገድ

እንደምን አላችሁ፣ ክቡራን አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች። የምንነጋገርበት ጉዳይ ከባድ ነውና አንድ ነገር አስቀድመን እንናገር። ከመካከላችሁ በዚህ ሰዓት ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ ካለ፣ ወይም እንዲህ የሚያስጨንቀው ሰው ቤት ውስጥ ያለው ካለ፣ ንግግራችን እስኪያልቅ አይጠብቅ። በአሜሪካ ራስን ማጥፋትን ለመከላከል ወደተዘጋጀው የስልክ መስመር፣ ወደ 988 ይደውል። መስመሩ ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው፤ ክፍያ የለውም። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው «አምሃሪክ» ብሎ ቋንቋውን ከነገራቸው አስተርጓሚ ያገናኙታል። አስተርጓሚው እስኪገባ ትንሽ ዝምታ ሊኖር ይችላልና ስልኩን አይዝጋው።

ጉዳያችን አንዲት ቅጽ ናት። ዋሽንግተን ስቴት በ2018 ባወጣው ሕግ ማንም ሰው በራሱ ፈቃድና ፊርማ «ከአሁን ጀምሮ ጦር መሣሪያ እንዳይሸጥልኝ» ብሎ ስሙን ማስመዝገብ ይችላል። ሐኪም አያዝዘውም፣ ዳኛ አይፈርድበትም፣ ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም። ስሙ መዝገብ ውስጥ እስካለ ድረስ ግን መሣሪያ ሊገዛ ቢሄድ፣ ሻጩ በሕጉ መሠረት ሲያጣራ «አይሸጥለትም» የሚል መልስ ይመጣለታል። ሕጉ ከ2019 መጀመሪያ አንሥቶ ሥራ ላይ ቢሆንም የተጠቀመበት ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ዓይነቱ ሕግ ካለባቸው ስቴቶች መካከል ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባቸው ሆነው ሳለ ስለ ጉዳዩ በአማርኛ ሲነገር አለመሰማቱ ያሳዝነናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ለምን መሣሪያ ላይ እንዳተኮርን እናስረዳ። በአሜሪካ ስለ ጠመንጃ ሲነሣ ወደ ሁላችንም አእምሮ የሚመጣው ዘራፊና በየትምህርት ቤቱ የሚደርሰው ግድያ ነው። ቁጥሩ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በ2022 በመላ አገሪቱ ከ49 ሺህ በላይ ሰዎች ራሳቸውን አጥፍተዋል፤ ከእነዚህ ከ27 ሺህ የሚበልጡት የሞቱት በጦር መሣሪያ ነው። በዚያው ዓመት በጥይት ከሞቱት ሰዎች በሙሉም ከግማሽ የሚበልጡት እነዚሁ ናቸው። ብዙ ሰው ከሌባ ይጠብቀኛል ብሎ መሣሪያ ቤቱ ያስገባል፤ ከሌባው ይልቅ የሚቀርበው አደጋ ግን ይህ ነው።

«ሊሞት የቆረጠን ሰው ማን ይመልሰዋል?» የሚል አነጋገር በየለቅሶ ቤቱ እንሰማለን። ሐዘንተኛን ለማጽናናት ተብሎ የሚነገር ነው፤ እውነት ግን አይደለም። በሂዩስተን ከተማ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው የተረፉ፣ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 34 የሆነ 153 ሰዎች ተጠይቀው ነበር። ከአራቱ አንዱ ያህል ከውሳኔው እስከ ሙከራው የነበረው ጊዜ ከ5 ደቂቃ ያነሰ እንደነበር ተናግረዋል። ሐሳቡ ለወራት ሲመላለስባቸው የቆየ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ድርጊት የገፋቸው ሰዓት ግን አጭር ነበር። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ ይህ ነው፦ ሞክረው ከተረፉ ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ከዚያ በኋላ ራሳቸውን አጥፍተው አይሞቱም። ያቺን ሰዓት ያለፈ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይኖራል፣ ይታከማል፣ ልጁን ይድራል። መሣሪያ ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሐሳብ ለመለወጥ፣ ጎረቤት እንዲደርስ፣ አምቡላንስ እንዲጠራ ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ በዚያች አጭር ሰዓት መሣሪያው ከሰውየው እንዲርቅ ማድረግ ራሱን የቻለ ሕይወት ማዳኛ ነው።

ግዢው ላይ ማተኮራችንም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1991 በካሊፎርኒያ ሽጉጥ የገዙ ከ238 ሺህ በላይ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት አለ። ከግዢው በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሳምንት በመሣሪያ ራስን የማጥፋቱ መጠን ከጠቅላላው ሕዝብ 57 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ከገዢዎቹ ጥቂቶቹ ሲገዙ ያሰቡት ሌላ ነገር አልነበረም ማለት ነው። ለእነዚህ ሰዎች ሱቁ የመጨረሻው በር ነበር፤ በሩ ተዘግቶ ቢገኝ ያቺ ሰዓት ታልፍ ነበር።

የዚህ ሐሳብ መነሻ ቁማር ቤት ነው ቢባል ትገረሙ ይሆናል። ሚዙሪ ስቴት በ1996 ቁማር ያሸነፋቸው ሰዎች ራሳቸው ፈርመው «ካሲኖ አታስገቡኝ» የሚሉበት መዝገብ ከፈተች። ሰው በደኅናው ሰዓት ያወጣውን ሕግ በደካማው ሰዓት እንዲጠብቀው መርዳት ነው። ሐሳቡን ወደ ጦር መሣሪያ ያመጡትና በየስቴቱ የተሟገቱለት በአላባማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር የሆኑት ፕሮፌሰር ፍሬድሪክ ቫርስ ናቸው፤ እሳቸውም ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም እንዳለባቸው በአደባባይ የተናገሩ ሰው ናቸው። «የአእምሮ ሕመምተኛ ለራሱ እንዲህ ያለ ገደብ አያበጅም» የሚሉ ነበሩ። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በአላባማ የሥነ አእምሮ ሕክምና የሚከታተሉ 200 ሰዎችን ጠየቁ፤ 46 በመቶው «እንዲህ ያለ መዝገብ ቢኖር እመዘገባለሁ» አሉ። ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ታማሚው ስለ ራሱ ከምናስበው በላይ ያውቃል።

አሁን ያለው የአሜሪካ ሕግ ግን አንድ ሰፊ ቀዳዳ አለበት። በአእምሮ ሕመም ረገድ በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መግዛት የሚከለከለው በዋናነት በሕግ ተገድዶ የአእምሮ ሆስፒታል የገባ ሰው ነው። በገዛ እግሩ ሄዶ «አስተኙኝ፣ ሕይወቴ አስፈርቶኛል» ያለው ሰው አይከለከልም፤ በወጣ ማግሥት መግዛት ይችላል። በ2018 በኒው ኦርሊንስ ከተማ ሕይወቷ ያለፈ ዶና የምትባል እናት ታሪክ ይኸው ነው። በፈቃዷ ሆስፒታል እየገባች የታከመች ሴት ነበረች፤ መሣሪያ ልትገዛ ስትሄድ ግን የሚከለክላት መዝገብ አልነበረም። ልጇ ስለዚህ ጉዳይ በየምክር ቤቱ መናገር ከጀመረች ወዲህ ይህ ዓይነቱ ሕግ በብዙ ቦታ «የዶና ሕግ» እየተባለ ይጠራል። በፌዴራል ደረጃ ረቂቁ ለኮንግረስ ቢቀርብም አልጸደቀም፤ ስለዚህ ያለው በየስቴቱ ብቻ ነው።

ወደ ዋሽንግተኑ አሠራር እንምጣ፤ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሄዳለን።

ቅጹ የሚገባው በካውንቲው ሱፐሪየር ፍርድ ቤት ሬጅስትራር፣ በእንግሊዝኛ «ክለርክ» በሚባለው ጽሕፈት ቤት ነው። ኪንግ ካውንቲ የሚኖር ሰው ሲያትል ወይም ኬንት ካለው ጽሕፈት ቤት መሄድ ይችላል። ችሎት አይቀርብም፤ ጉዳዩ በመስኮቱ ላይ ያልቃል። ፎቶ ያለበት መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ሠራተኛው ማንነታችሁን ማረጋገጥ በሕግ ግዴታው ነው፤ ምክንያቱም በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ ሰው ማሳገድ እንዳይኖር ነው። በማንነቱ ላይ እያወቀ የዋሸ ሰው በወንጀል ይጠየቃል። ቅጹን ብዙ ሰው ስለማያስገባው መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ላያውቀው ይችላል። ያን ጊዜ ተመልሳችሁ አትሂዱ። የሕጉን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ያዙና አሳዩት፦ አር ሲ ደብሊው (RCW) 9.41.350። አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ በስልክ እንዲያቀርቡላችሁ ጠይቁ። ልጆቻችሁን ለማስተርጎም ይዛችሁ አትሂዱ፤ ይህን ጉዳይ ልጅ በዚያ መንገድ መስማት የለበትም።

ስም ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ለእኛ ሰው ነገሩ የሚበላሸውም በአብዛኛው እዚህ ነው ብለን እንሰጋለን። ገዢ ሱቅ ሲሄድ ፎርም 4473 የሚባል ሞልቶ መታወቂያ ያሳያል፤ ማጣራቱ የሚካሄደው በስምና በትውልድ ቀን ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በዚያ ፎርም ላይ የግድ አይደለም። የእኛ ሰው ወረቀት ደግሞ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። በአንዱ ላይ የአባት ስም መጨረሻ ላይ ይሆናል፣ በሌላው የአያት። ገብረ መድኅን በአንዱ ወረቀት አንድ ቃል ነው፣ በሌላው ሁለት ተከፍሎ ግማሹ የአባት ስም ይመስላል። የእንግሊዝኛው ፊደል በፓስፖርቱና በመንጃ ፈቃዱ አይገጥምም። የትውልድ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዳለ ተጽፎ ስምንት ዓመት የተሳሳተበትም አለ። ስለዚህ ቅጹን ስትሞሉ ትክክለኛውን ስማችሁን ሳይሆን ሱቅ ብትሄዱ የምታሳዩት መታወቂያ ላይ ያለውን ስምና ቀን ፊደል በፊደል፣ ቁጥር በቁጥር ገልብጡ። በዜግነት ጊዜ ወይም በጋብቻ ስሙ የተለወጠ ሰው ሄዶ በአዲሱ ስም ደግሞ ያስመዝግብ።

ሰዓቱም እንዲህ ይቆጠራል። ሬጅስትራሩ ቅጹን በዚያው የሥራ ቀን መጨረሻ ድረስ ለዋሽንግተን ስቴት ፓትሮል፣ ማለትም ለስቴቱ ፖሊስ ይልካል። ፓትሮሉ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ኒክስ በሚባለው የፌዴራል ማጣሪያና በሌሎቹ መዝገቦች ያስገባዋል። ስለዚህ ዛሬ የተፈረመው ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይሠራል ብላችሁ አስቡ፤ በፈረማችሁበት ደቂቃ ሱቆች ሁሉ ያውቃሉ ማለት አይደለም። በዚህ ስቴት ከ2024 ጀምሮ መሣሪያ የገዛ ሰው ከማጣሪያው ጋር 10 ቀን መጠበቅ ስላለበት ይህች ክፍተት ብዙም አታስፈራም። የግለሰብ ለግለሰብ ሽያጭም በ2014 በሕዝብ ድምፅ በጸደቀው ሕግ መሠረት ፈቃድ ባለው ሻጭ በኩል መጣራት አለበት።

መውጣት የሚፈልግ ሰው ይወጣል፤ ይህን ደጋግመን እንናገር፣ ምክንያቱም ሰው የሚፈራው ለዕድሜ ልክ የታሰረ መስሎት ነው። ካስመዘገበ 7 ቀን ካለፈ በኋላ፣ ባስመዘገበበት ካውንቲ ተመልሶ የመሻሪያውን ቅጽ ያስገባል። ሬጅስትራሩ በዚያው ቀን ለፓትሮሉ ያስተላልፋል፤ ፓትሮሉም በ7 ቀን ውስጥ ስሙን ከመዝገብ አውጥቶ ሰነዱን ያጠፋል፤ በሌላ ምክንያት የተከለከለ ካልሆነ በስተቀር ዱካው አይቀርም። በእኛ አስተያየት 7 ቀን አጭር ነው። አንድ ሕመም ሲያገረሽ ከሳምንት በላይ ይቆያል። ቀኑን ማራዘም ባንችልም መንገዱን ማርዘም ግን ይቻላል። ሕጉ በየትኛውም ካውንቲ ማስመዝገብን ይፈቅዳል፣ መሻር ግን እዚያው ነው። ሲያትል የሚኖር ሰው ስፖኬን ሄዶ ካስመዘገበ፣ ለመሻር 450 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ይኖርበታል። በክፉ ሰዓት ያን ያህል መንገድ ብዙ ነገር ይቀይራል።

«ማን ያየዋል?» ለሚለውም ሕጉ መልስ አለው። ሰነዱ ለሕግ አስከባሪ ብቻ እንጂ ለሌላ አይገለጥም። ፍርድ ቤት በሌላ ክርክር፣ ለምሳሌ በፍቺ ወይም በልጅ አሳዳጊነት ጉዳይ፣ መመዝገባችሁንም መሻራችሁንም ማስረጃ አድርጎ ሊመለከተው አይችልም። አሠሪ፣ ክሊኒክ ወይም ዕርዳታ ሰጪ ድርጅት «ካልፈረምክ አንቀጥርህም፣ አናክምህም» ማለት ክልክል ነው። ለቤተሰብም የምንለው ይኸንኑ ነው። ባል ሚስቱን፣ ወላጅ ልጁን አስጨንቆ አያስፈርም። ተገድዶ የፈረመ ሰው በስምንተኛው ቀን ሄዶ ይሽረዋል፣ እናንተንም ከዚያ በኋላ አያምናችሁም።

አንድ የሥራ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በጥበቃ ሥራ ላይ ናቸው፤ መሣሪያ ታጥቀው የሚሠሩም አሉ። የዋሽንግተኑ ቅጽ የሚያግደው መግዛትን ብቻ አይደለም፤ መሣሪያ መቀበልንም ነው። በየፈረቃው ከድርጅቱ መሣሪያ የሚረከብ ሰው ከመፈረሙ በፊት ጠበቃ ያማክር። ሥራውንና ሕይወቱን አመዛዝኖ ፈረቃውን ያለ መሣሪያ ወደሚሠራበት ቦታ ቢቀይር የተሻለ ነው ብለን እናምናለን፤ ግን አውቆ ይግባበት።

አሁን ቅጹ የማይሠራውን እንናገር፤ ይህን ሳንናገር ብንሄድ ጉዳት አድርሰናል። ቅጹ ቤት ውስጥ ያለውን መሣሪያ አይነካም። በ2020 የታተመ፣ ወደ 26 ሚሊዮን የካሊፎርኒያ ነዋሪዎችን የተከታተለ ጥናት አለ። ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች በመሣሪያ ራሳቸውን የማጥፋት ዕድላቸው ከሌላቸው ወንዶች 8 እጥፍ ገደማ፣ ሴቶች ደግሞ ከሌላቸው ሴቶች 35 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። አደጋው ከግዢው ማግሥት ቢበረታም፣ ከሞቱት 52 በመቶው የሞቱት ከተገዛ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ ቅጹ ግማሹን በር ዘጋ፤ ግማሹ በር ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

ለእሱ የሚበጀው መሣሪያውን ለጊዜው ከቤት ማውጣት ነው። ዋሽንግተን ውስጥ መሣሪያ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ማጣሪያ ያስፈልገዋል፤ ሆኖም ራስን ማጥፋትን ለመከላከል ታስቦ የሚደረግ ጊዜያዊ ማቆየት ከዚህ ነጻ ነው። ሦስት ነገር መሟላት አለበት። ዓላማው ይኸው ብቻ ይሁን፣ አደጋው እስኪያልፍ ለሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ይቆይ፣ የተቀበለው ሰው ለምንም ነገር አይጠቀምበት። ዒላማ ልተኩስበት ካለ ሕጉን ጣሰ። ተቀባዩ ራሱ መሣሪያ እንዳይዝ የተከለከለ ሰውም መሆን የለበትም። ዘመድ ከሌለ ጊዜያዊ ማስቀመጫ የሚሰጡ የመሣሪያ ሱቆችና ፖሊስ ጣቢያዎች አሉ፤ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የት የት እንዳሉ በካርታ አውጥተዋቸዋል። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። ለፖሊስ ከሆነ በ911 ሳይሆን በመደበኛው ቁጥር ደውላችሁ «መሣሪያ ለማስቀመጥ ነው፣ እንዴት ይዤ ልምጣ?» በሉ። መሣሪያው ጥይቱ ወጥቶ መኪናው ኋላ ተቆልፎ ይቆይ። እጃችሁ ላይ ይዛችሁ ወደ ጣቢያ በር በፍጹም አትሂዱ።

ከቤት ማውጣት ካልተቻለ ጥይቱ ከመሣሪያው ይለይ፣ ሁለቱም በተለያየ ካዝና ይቆለፉ። ካዝና ያለው ቤት ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ቁልፉን አልጋ ሥር ወይም ኪስ ውስጥ በመተው ነው። ባለ ቁጥር ከሆነ ቁጥሩ ይቀየር፤ የልጅ ልደትም አይሁን፣ ያውቀዋልና። አዲሱን ቁጥር የሚያውቀው ሌላው ሰው ብቻ ይሁን።

የስቴቱ ድንበርም አለ። ሕጉ ከዋሽንግተን ጋር የታሰረ ነው። ጎረቤት አይዳሆ ውስጥ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ሽያጭ ማጣሪያ አይጠየቅበትም። ለሌላ ስቴት ነዋሪ እንዲህ መሸጥ በፌዴራል ሕግ ክልክል ቢሆንም በቦታው የሚያጣራ የለም። ወደ ሌላ ስቴት ቤት የቀየረ ሰውም በሲያትል ፊርማው ተማምኖ አይቀመጥ።

ቨርጂኒያ ያላችሁ ዘመዶች ካሏችሁ ይህን ንገሯቸው፤ አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ ያለው ወገናችን ብዙ ነው። ሕጉ በ2020 ወጥቶ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ይሠራል። እዚያ ፍርድ ቤት አይኬድም፤ ቅጹ ከመታወቂያ ቅጂ ጋር ለቨርጂኒያ ስቴት ፖሊስ በፖስታ ይላካል ወይም በአካል ይሰጣል። ለመውጣት ከተጠየቀበት ቀን አንሥቶ 21 ቀን ያስፈልጋል፤ ይህ ከዋሽንግተኑ ይሻላል እንላለን። ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ቨርጂኒያ የተመዘገበ ሰው መሣሪያ መያዝና ይዞ መንቀሳቀስም ስለሚከለከል፣ ቤቱ መሣሪያ ያለው ሰው ከመመዝገቡ በፊት ማስረከብ አለበት፤ አለዚያ ራሱን ጥፋተኛ ያደርጋል። ዩታህም በ2021 ተከትላለች፤ ከዚያ በኋላ ዴላዌርና ኮሎራዶ ተመሳሳይ ሕግ አጽድቀዋል። መዝገቡ ራሱ ስንት ሰው እንዳዳነ ለመለካት የተመዘገበው ሰው ቁጥር ገና አይበቃም። ርቀት ሕይወት እንደሚያድን ግን ከሌላ ቦታ እናውቃለን። የእስራኤል ጦር በ2006 ወታደሮቹ ለሰንበት ወደ ቤት ሲሄዱ መሣሪያቸውን ጦር ሰፈሩ ውስጥ ትተው እንዲሄዱ አደረገ። ከ18 እስከ 21 ዓመት ባሉት ወታደሮች መካከል ራስን ማጥፋት በ40 በመቶ ቀነሰ። የቀነሰው በሰንበት ቀናት ነበር፤ በሥራ ቀናት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። የተቀየረው ነገር መሣሪያው ያለበት ቦታ ብቻ ነው። ከቤተ እስራኤል ወገኖቻችን መካከል ልጅ ጦር የላከ ይህን ያስተውል።

መቼ ይፈረም? ሰውየው ደኅና በሆነበት ቀን። ከሆስፒታል ሲወጣ፣ መድኃኒት ሲቀየርለት፣ ሕመሙ በየዓመቱ የሚነሣበት ወቅት ሳይደርስ፣ ፍቺ ወይም የሥራ መጥፋት መምጣቱን ሲያይ። ለባይፖላርና ደጋግሞ ለሚመለስ ድባቴ ደኅናው ወቅት መኖሩ የታወቀ ስለሆነ ሐኪሙ በዚያ ቀጠሮ ላይ ቢያነሣው መልካም ነው።

ለመጨረሻ ያቆየነው፣ እኛ ግን ከሁሉ የሚበልጥ የምንለው አንድ ክፍት ቦታ የዋሽንግተኑ ቅጽ ላይ አለ። ተመዝጋቢው ከፈለገ የአንድ ሰው ስምና አድራሻ ይጽፋል። እሱ ምዝገባውን የሻረ ቀን ሬጅስትራሩ ለዚያ ሰው ያሳውቃል። ይህን ቦታ ባዶ አትተዉት። የንስሐ አባት ሊሆን ይችላል፣ እኅት ሊሆን ይችላል፣ የአንድ ሰፈር ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ስልክ የሚያነሣ፣ በቅርብ የሚኖር፣ ወሬ የማያወጣ ይሁን። በእኛ ዘንድ ራሱን ያጠፋ ሰው ፍትሐት ይከለከላል የሚለው ፍርሃት ብዙውን ሰው አፉን አስይዞታል፤ ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ያን ሰው ፊት ለፊት አግኝታችሁ ነገሩን ንገሩት፣ እሺ ይበላችሁ።

ለዚህ ሰው ደግሞ እንዲህ እንላለን። ማስታወቂያው ሲደርስህ ምዝገባው እንዲመለስ የማስገደድ ሥልጣን የለህም፤ ያለህ ጊዜ ብቻ ነው። ፓትሮሉ ስሙን ለማውጣት እስከ 7 ቀን ይቆያል፤ በመጀመሪያውም ቀን ሊያወጣው ይችላልና ቀኑን አትቁጠር። በዚያው ቀን ሂድ፤ የጽሑፍ መልእክት ልከህ አትቅር። መሻሩ ክፉ ምልክት ላይሆን ይችላል፤ ድኖ ይሆናል፣ ለአደን አስፈልጎት ይሆናል። ቁጣና ስብከት ትተህ በቀጥታ ጠይቅ፦ «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ በጥናት የተረጋገጠ ነው። «አይ» ካለህ ለምን እንደሻረ ይንገርህ፣ ሐኪሙ ማወቁንም ጠይቀው። «አዎ» ካለህ ብቻውን አትተወው፤ አጠገቡ ተቀምጠህ አብራችሁ ወደ 988 ደውሉ። መሣሪያ በእጁ ካለ ወደ 911 ነው፤ ደዋዩ ሰውየው ታማሚ መሆኑን፣ ማንንም እንዳላስፈራራና መሣሪያው የት እንዳለ አስቀድሞ ይንገራቸው። ዕርዳታ አልቀበልም ብሎ አደጋው ከበረታ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ቤተሰብ ራሱ ለፍርድ ቤት አመልክቶ መሣሪያ እንዳይዝ እስከ አንድ ዓመት የሚያግድ ትእዛዝ ማውጣት ይችላል፤ በቨርጂኒያ ግን ማመልከት የሚችሉት ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ስለሆኑ ቤተሰቡ የሚሄደው ወደ እነሱ ነው።